የልጅ አንገት ድንገት ሲጣመም፦ ከቤት እስከ ሆስፒታል ምን ይደረጋል?

ማታ ደህና ሆኖ የተኛ ልጅ ጠዋት ሲነሳ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ትከሻው ተዘንብሎ፣ አገጩ ወደ ሌላው ዞሮ ይገኛል። ቀና ልበል ሲል ያመዋል፣ ያለቅሳል። በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በዚህ ጊዜ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «ብርድ መትቶት ነው»፣ «አጉል ተኝቶ ነው»፣ «ሸክም ነው»። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እውነትም ከዚያ አያልፍም። የአንገት ጡንቻ ይኮማተራል ወይም ትንሿ የአንገት መገጣጠሚያ ትቆጣለች፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይለቃል፣ በሳምንት ውስጥ ጨርሶ ይረሳል። ነገር ግን የተጣመመ አንገት ምልክት ነው። ያው ምልክት ከጉሮሮ ጀርባ ከቋጠረ መግል፣ ከተንሸራተተ የአንገት አጥንት፣ ከመድኃኒት ጠንቅ ወይም ከአንጎል ዕጢ ሊመጣ ይችላል።

ይህ መመሪያ ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። የሚመለከተውም ከ1 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችንና ጎረምሶችን ነው። በተወለደ በሳምንታት ውስጥ አንገቱ የዘመመ ጨቅላ ሌላ ዓይነት ክትትል ስለሚያስፈልገው እዚህ አልተካተተም።

ከሁሉ አስቀድሞ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

አንገቱን በእጅ አትመልሱ

ወጌሻ እጅ ወይም ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል የሚታመን ሰው ነው፤ ልጅ ሲጮኽ ወላጅ መጀመሪያ እሱን ቢያስብ አይፈረድም። አንገት ግን እንደ ቁርጭምጭሚት አይደለም። ራሳችንን ግራና ቀኝ ስናዞር የእንቅስቃሴው ግማሽ ያህል የሚሠራው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የአንገት አጥንት፣ ማለትም በአትላስና በአክሲስ መካከል ነው። በልጅ ላይ እነዚህን አጥንቶች የሚይዙት ጅማቶች ላላ ያሉ ናቸው፣ የመገጣጠሚያው ገጽ ጠፍጣፋ ነው፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ከገላው አንጻር ይከብዳል። በመሃል ሕብለ ሰረሰር፣ በግራና በቀኝ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ቧንቧዎች ያልፋሉ። ጅማቱ በኢንፌክሽን ከላላ ወይም አጥንቱ ቀድሞ ከተንሸራተተ፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ መጠምዘዝ ልጁን ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ቅቤ ቀብቶ ቆዳውን ላይ ላዩን ማሸት ችግር የለውም። መጎተት፣ መጠምዘዝ፣ ፀጉር ቤት እንደሚደረገው «ቋ» እስኪል ማዞር ግን ማንም ያድርገው ማን ክልክል ነው። ክልከላው የጤና ባለሙያንም ይጨምራል።

1. ሳትነኩ ተመልከቱ

ልጁ በር ላይ ሲገባ ጀምሮ ብዙ ነገር ይናገራል። እየተጫወተ፣ እየበላ፣ ሰው ሲጠራው አንገቱን ብቻ ሳይሆን መላ ገላውን እያዞረ የሚያይ ልጅ በአብዛኛው ቀላሉ ዓይነት ነው። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ የሚመጣ፣ ሲተኛና ሲነሳም የማይለቅ ልጅ የአንገቱ አጥንት አለመጽናቱን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። አፉን ከፍቶ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ውኃ መዋጥ የተሳነው፣ ድምፁ ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው የታፈነ ልጅ ከጉሮሮው ጀርባ መግል ሊኖር ይችላል። ይህን ልጅ አታስተኙት፣ ምላሱን በግድ ተጭናችሁ ጉሮሮውን ለማየት አትታገሉ፣ የሚበላ የሚጠጣ አትስጡት። በተመቸው አኳኋን አስቀምጣችሁ ወደ ሆስፒታል ላኩት።

2. ጠይቁ

ወድቋል? ተመትቷል? ከሳይክል፣ ከዛፍ፣ ከባጃጅ? በሐይቁ ዳር ይህን ጥያቄ ጠበቅ አድርጉት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የጣና ውኃ ሲቀንስ አምና ጥልቅ የነበረው ቦታ ድንጋይና ጭቃው ቅርብ ይሆናል፤ ልጆች ግን ያው በጭንቅላታቸው ይጠልቃሉ። ውኃ ውስጥ ጠልቆ አንገቱን ያመመው ልጅ፣ በእግሩ እየሄደ ቢመጣ እንኳ፣ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን እስኪታይ ድረስ የአንገት ስብራት እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዛል።

ባለፉት 2 ሳምንታት ትኩሳት፣ የጉሮሮ ወይም የጆሮ ሕመም ነበረበት? ከጉሮሮ ጀርባ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች በላይኞቹ የአንገት አጥንቶች ዙሪያ ካሉት ጋር ይገናኛሉ። ኢንፌክሽኑ በዚያ በኩል ጅማቱን ሲያስቆጣው ይላላል፤ አትላስ በአክሲስ ላይ ዞሮ እዚያው ይቀራል። ይህ በፈረንሳዊው ሐኪም በግሪዜል ስም የሚጠራ ሕመም ሲሆን በአብዛኛው የሚይዘው ከ12 ዓመት በታች ያሉትን ነው። ከቶንሲል ኦፕሬሽን በኋላም ይከሰታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ በጥንቃቄ ይነሳ፤ እንጥል ተቆርጧል? ቶንሲል በባህላዊ መንገድ ተነክቷል? ቤተሰቡ ወቀሳ ስለሚፈራ ይህን ይደብቃል። «ለጉሮሮው ምን ምን ተደረገለት?» ብሎ መጀመር እውነቱን ያወጣል። ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ የተቆረጠ ጉሮሮ ለመግልም፣ ለግሪዜልም፣ ለመንጋጋ ቆልፍም በር ይከፍታል።

ምን መድኃኒት ወሰደ? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሐይቁ አካባቢ የተለመደው አጋጣሚ ይህን ይመስላል። ልጁ ወባ ይይዘዋል፣ ያስታውከዋል፣ ማስታወኩን እንዲያቆምለት ፕላዚል ይሰጠዋል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ። በማግስቱ አንገቱ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ ይወጣል ወይም መንጋጋው ይያዛል። ቤተሰቡ ቡዳ ነው ይላል፤ ባለሙያው ወባው አንጎል ገባ ብሎ ይደነግጣል። ልጁ ግን ስሙን ሲጠሩት ይሰማል፣ ይመልሳል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሃሎፐሪዶልና በክሎርፕሮማዚንም ይመጣል፤ ለአእምሮ ሕመም እነዚህን የጀመሩ ጎረምሶች ላይ ያጋጥማል። መፍትሔው ዳይፈንሃይድራሚን በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 50 ሚሊግራም፣ በጡንቻ ወይም ቀስ ተብሎ በደም ሥር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ሲፈታ ምርመራው ያኔውኑ ተረጋገጠ ማለት ነው። መርፌው ኃይሉን ሲጨርስ ሊመለስ ስለሚችል በሚዋጥ መልኩ ለ2 ቀን ያህል ይቀጥላል፤ የመድኃኒቱም ስም በልጁ ካርድ ላይ ይጻፋል።

ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል? ሲሄድ ይንገዳገዳል? አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል? እነዚህ የአንጎል ዕጢ ምልክቶች ናቸው። ሕመሙ ሳምንታት ቆይቷል፣ ሌሊት ይብሳል፣ ክብደት ቀንሷል፣ ያልበዋል? የአከርካሪ ቲቢን አስቡ።

3. መርምሩ

ሙቀቱን ለኩ። ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ ይደረግ፤ ነገር ግን ወባ ተገኘ ብላችሁ ምርመራውን አታቁሙ። ወባ አንገት አያጣምምም፤ ሌላ ምክንያት አብሮ አለ ማለት ነው። ሁለቱን ጆሮዎችና ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት፣ ጉሮሮውን (ለሃጩ የማይወርድ ከሆነ)፣ የአንገት ንፍፊቶችን፣ ትከሻን ከደረት የሚያገናኘውን አጥንት ዳስሱ። ወድቆ ይህ አጥንት የተሰበረበት ትንሽ ልጅ አንገቱን አዘንብሎ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ቀጥሎ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች። «ጣሪያውን እይ።» ሌላውን ሁሉ እሺ እያለ ቀና ማለትን ብቻ አጥብቆ እንቢ ካለ ከጉሮሮ ጀርባ ያለ መግልን አስቡ፤ በተለይ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ። «አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግ።» ትኩሳት ኖሮት ይህን ካልቻለ ማጅራት ገትር ነው ብላችሁ ተነሱ።

አሁን ጡንቻው። ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ በአንገት ጎን እየተንሸራተተ እስከ ደረት አጥንት የሚወርደውን ረጅም ጡንቻ በሁለቱም በኩል በሁለት ጣት ያዙት። ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ተዘንብሎ አገጩ ወደ ግራ ዞሯል እንበል። በተራው የጡንቻ መኮማተር እንደ ገመድ ተወጥሮ የሚገኘውና ሲነካ የሚያመው ቀኙ ነው፤ የሚጎትተው እሱ ነውና። አትላስ ከአክሲስ ላይ ዞሮ ከተቆለፈ ግን የሚወጠረው ብዙ ጊዜ ግራው፣ ማለትም አገጩ ወደ ዞረበት በኩል ያለው ነው፤ ጡንቻው ጭንቅላቱን ለመመለስ እየታገለ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ባለሙያ ያለ ሲቲ ስካን ብዙ ርቀት ይሄዳል።

የመጨረሻው ፈተና እንቅስቃሴ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን ልጁ ራሱ ነው። ልጁን አስቀምጡት፣ ሌላ ሰው ከኋላ ትከሻዎቹን በለስላሳው ይያዝለት። ከፊቱ ዳቦ ወይም ስልክ ይዛችሁ አገጩ ወዳልዞረበት ወገን ቀስ እያላችሁ ውሰዱ፣ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በአገጩ ይከተል። ትከሻው ካልተያዘ ወገቡን አዙሮ ያታልላችኋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አገጩ በትዕግሥት የመሃሉን መስመር ጥቂት እንኳ ካለፈ ደህና ምልክት ነው። መሃል ደርሶ ግድግዳ እንደገጠመው ቀጥ ካለ አጥንቱ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል።

እጁን ጨብጦ ይግፋችሁ፣ በተረከዙ ይሂድ፣ በቀጭን መስመር ላይ ይራመድ። እጅና እግሩ ከደከመ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ጉዳዩ ሕብለ ሰረሰር ጋ ደርሷል።

4. ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ማን ነው?

የመውደቅ፣ የመመታት ወይም ውኃ ውስጥ የመጥለቅ ታሪክ ያለው፤ ትኩሳት ያለው ወይም መዋጥና መተንፈስ የከበደው፤ የድካምና የመደንዘዝ ምልክት የታየበት፤ የራስ ምታትና ማስታወክ ያለው፤ ጭንቅላቱን በእጁ የሚደግፍ፤ አገጩ መሃል የማያልፍ፤ መንጋጋው ተቆልፎ በድምፅና በንክኪ ገላው የሚወጠር። በተጨማሪም ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ፣ የላይኞቹ አጥንቶች ጅማት በተፈጥሮው ላላ ስለሚል፣ ሌላ ምልክት ባይኖረውም ይላካል።

አደጋ ደርሶ ከሆነ አንገቱ በተገኘበት አኳኋን ይታሰር እንጂ «ቀጥ» አይደረግ። ጠንካራ የአንገት ድጋፍ ለተጣመመ አንገት አይሆንም፤ በግድ ያቀናዋል። ሁለት ጋቢ ጠቅልሉና በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ክፍተቱን ሞልታችሁ አስደግፉ፣ ግንባሩን በነጠላ ከተኛበት ሳንቃ ጋር አያይዙት፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አይልቀቅ። ባጃጅ አያስተኛም፤ አምቡላንስ ካልተገኘ ወንበሩ የሚዘረጋ መኪና ፈልጉ። አደጋ የሌለበት፣ ተቀምጦ መሄድ የሚችል ልጅ ግን በቀስታ በሚነዳ ባጃጅ ቢሄድ አይጎዳም። ከደቅ ወይም ከሌሎቹ ደሴቶች የሚመጣ ልጅ ሰዓታት በጀልባ ስለሚጓዝ «እስከ ነገ እንየው» አይባልለትም፤ የመግል ወይም የድካም ምልክት እንደታየ የመጀመሪያው ጀልባ ይያዝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ካርዱን ያዙ፤ ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር ለማጻፍ ብላችሁ አትዘግዩ።

5. ቀላሉ ከሆነ፦ የቤት እንክብካቤ

ከላይ ከተባለው አንዱም ከሌለ ራጅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሥራ ሕመሙን ማስታገስ ነው፤ ጡንቻው የሚኮማተረው ስላመመው፣ የሚያመውም ስለተኮማተረ ነውና።

መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘው ሽሮፕ 10 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፤ 240 ሚሊግራም ማለት ነው። ሽሮፑ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም የሚይዝም አለ። 40 ኪሎ የሞላው ጎረምሳ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ፍሬ ይበቃዋል። አይቡፕሮፌን የተሻለ የሚሠራላቸው አሉ፤ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ከበላ በኋላ። የሚያስታውክ፣ ውኃ ያነሰው ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ልጅ አይቡፕሮፌን አይወስድም። አስፕሪንና የዲክሎፌናክ መርፌ ለልጅ አይሰጡ። የቤት ማንኪያ ስለሚለያይ ከመድኃኒት ቤት መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ጠይቁ።

ለሙቀት የውኃ ሃይላንድ ይበቃል። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ስለሚያኮማትረውና ስለሚያቃጥል ግማሹን ትኩስ፣ ግማሹን ቀዝቃዛ ቀላቅሉ። ሃይላንዱን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉት፤ ግጥም ካለ ከአንገት ቅርጽ ጋር አይስማማም። በፎጣ ጠቅልሉና በክንዳችሁ የውስጥ ቆዳ ላይ 10 ሰከንድ ሞክሩት። ለእናንተ ካለበለበ ለልጁ አይሆንም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ልጁ ተጠቅልሎበት እንዳይተኛ።

ሲተኛ በጀርባው ይሁን፤ ከትከሻው እስከ ጭንቅላቱ ያለውን ክፍተት በሚሞላ ቀጭን ትራስ ወይም ሁለት ጊዜ በታጠፈ ነጠላ ይደገፍ። በሆድ መተኛት አንገቱን ሌሊቱን ሙሉ አዙሮ ስለሚያቆየው ይቅር። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋልም አያስፈልግም።

ከሙቀቱ በኋላ፣ ጡንቻው ለስለስ ሲል፣ ልጁ በጀርባው ተኝቶ ራሱን በራሱ ያዙር። መጀመሪያ ወደማያመው በኩል፣ ቀጥሎ ወደሚያመው፣ ሕመሙ «አለሁ» እስኪል ብቻ። እዚያ 5 ሰከንድ ቆይቶ ይመለስ፤ 5 ጊዜ ይድገመው፤ ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየ2 ሰዓቱ። መመሪያ የሚከተል ጎረምሳ ሌላም መጨመር ይችላል። መዳፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ ጭንቅላቱ ሳይነቃነቅ፣ በቀላሉ ወደ መዳፉ ለ6 ሰከንድ ይግፋ፤ ይልቀቅ፣ ይተንፍስ፤ ከዚያ አንገቱ በገዛ እጁ ጥቂት ይበልጥ ሲዞር ያገኘዋል። ጀሪካን፣ እንጨት፣ ከባድ የደብተር ቦርሳ፣ ኳስና ዋና ሕመሙ ጨርሶ እስኪለቅ ይቁሙ። ትምህርት ቤት ቢሄድ ግን ሰሌዳው ፊት ለፊት ይቀመጥ።

6. 7ኛው ቀን

በ3ኛው ቀን ግልጽ መሻሻል ካልታየ ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራ። ትኩሳቱ፣ ጉሮሮው፣ የአገጩ ፈተና ሁሉ ይደገሙ። 7 ቀን ሞልቶ አንገቱ ካልተመለሰ ከእንግዲህ በቤት አይጠበቅም። ምክንያቱ ይህ ነው። ተንሸራቶ የተቆለፈ አትላስ በመጀመሪያው ሳምንት ከተገኘ ብዙ ጊዜ በዕረፍት፣ በለስላሳ የአንገት ድጋፍና በማስታገሻ ይመለሳል፤ ኢንፌክሽን ካለም አብሮ ይታከማል። ሳምንት ካለፈ ሆስፒታል ተኝቶ በክብደት መጎተት ሊያስፈልግ ይችላል። ወር ካለፈ መገጣጠሚያው በዚያው ስለሚደርቅ ኦፕሬሽን ሊጠይቅ ይችላል። ልጁ ስላልጮኸ ተሻለው አይባልም፤ ሕመሙ ሄዶ ጥመቱ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

7. ራጅ ለሚያዩ ባለሙያዎች

ከጎን እና አፍ ተከፍቶ ከፊት ይነሳ። የተጣመመ አንገት ከፊት ሲነሳ ሁልጊዜ የተዛባ ይመስላል፤ በአክሲስ ጥርስ (ከአክሲስ ወደ ላይ በወጣው የአጥንት ጫፍ) ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት እኩል አለመሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከጎን በሚነሳው ላይ በአትላስ የፊት ቅስትና በአክሲስ ጥርስ መካከል ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት በልጅ ላይ ጤናማ አይደለም። ከጉሮሮ ጀርባ ያለው ሥጋ በ2ኛው አጥንት ፊት ከ7፣ በ6ኛው ፊት ከ14 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መግል ይጠረጠራል። ልጁ እያለቀሰ ወይም አየር እያስወጣ ከተነሳ ግን ጤነኛውም ይወፍራል፤ አየር ሲስብ ይነሳ። ጥርጣሬው ከቀጠለ የሚወስነው ሲቲ ስካን ነው።

ወደ ፈለገ ሕይወት፣ ወደ ጥበበ ጊዮን ወይም ወደ ሌላ ሪፈራል ሆስፒታል ስትልኩ ወረቀቱ ላይ «አንገት መጣመም» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። የጀመረበትን ቀን፣ ጭንቅላቱ የተዘነበለበትንና አገጩ የዞረበትን ወገን፣ የተወጠረው ጡንቻ የትኛው እንደሆነ፣ አገጩ መሃል ማለፉን ወይም አለማለፉን፣ ሙቀቱን፣ የእጅና የእግሩን ጉልበት፣ የወሰደውን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ በአንገቱ ወይም በጉሮሮው ላይ የተደረገ ባህላዊ ሕክምና ካለም እሱን ጻፉ።